ጡንቻ እንዴት ይወጣል? ከጀሪካን እስከ ቦሎቄ

የሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ምርጫ ዘገባ ወይም ስለ ሚዲያ ሥነ ምግባር ይጽፋል ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ፣ እኔ የምጽፈው ስለ ጡንቻ ነው። አትሳቁ እንጂ! ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ከዶርማችን ጀርባ ብቅ ብላችሁ እዩ። የቀለም ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተው፣ የውሃ ቧንቧ ሰክተው ባርቤል የሠሩ ልጆች ተራ ይዘው ያነሳሉ። በዚያ ሰዓት ከክብደቱ የሚበዛው ምክሩ ነው። አንዱ «ጥሬ እንቁላል ጠጣ» ይላል። ሌላው «ላብህ ካልተንጠባጠበ አልሠራህም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ቁመትህ ይቆማል» ብሎ ያስፈራራል። መምህራኖቻችን አንድን ወሬ ከሁለት ምንጭ ሳታጣሩ አትጻፉ ይሉናል። ታዲያ የሰው ዜና እያጣራን በገዛ ገላችን ላይ የምንሠራውን ለምን አናጣራም? ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩን ያስጀመረኝ የአባቴ ጥያቄ ነው። አባቴ ሶዶ ገበያ ውስጥ እህል ተሸካሚ ነው። ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ጋሪ ጆንያ ሲያመላልስ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። አምና ጂም መመዝገቤን የሰማ ዕለት ትንሽ ዝም ብሎ አየኝና፣ «ስማ ልጄ፣ አንተ ለመሸከም ትከፍላለህ? እኔ እኮ እየተከፈለኝ ነው የምሸከመው» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ክብደት ማንሳት ጡንቻ የሚያወጣ ከሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ ኩንታል ሲሸከም የኖረው አባቴ ለምን እንዲህ ቀጠነ? ከሃያ ዓመት ሸክም በኋላ የተረፈው ጠንካራ እግር፣ የቀጠነ ክንድና ማታ ማታ የሚያቃስት ወገብ ነው። ይህን ጥያቄ ሳልመልስ ሌላ ሰው ልመክር አልችልም።

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ጡንቻ ለምን እንደሚያድግ ማወቅ ያስፈልጋል። ጡንቻ በጣም ቀጫጭን ከሆኑ ክሮች የተሠራ ነው። ክሮቹ ከለመዱት በላይ ሲወጠሩ ለሰውነት መልእክት ይደርሰዋል፤ «ይሄ ሥራ ከእኔ በላይ ነው፣ አጠናክረኝ» እንደማለት። ሰውነትም ከምግብ ያገኘውን ፕሮቲን ወስዶ ክሮቹን ያወፍራል። ይህ የሚሆነው ግን ስናነሳ ሳይሆን ካነሳን በኋላ፣ ስንበላና ስንተኛ ነው። ሰውነታችን ቆጣቢ ነው፤ የማያስፈልገውን ሥጋ አይቀልብም። ክብደቱን ከለመደው በኋላ ያው ክብደት አዲስ መልእክት አይሆንለትም። ስለዚህ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ መጨመር የግድ ነው።

ይህ ሐሳብ የዛሬ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ስለኖረው ሚሎ ስለሚባል የክሮቶን ታጋይ የሚነገር ተረት አለ። ሚሎ አንድ ጥጃ በየቀኑ ይሸከም ነበር ይባላል። ጥጃው ሲያድግ የእሱም ጉልበት አብሮ አደገና በመጨረሻ በሬ ተሸከመ። ተረቱ ተረት ነው፤ በሬ ተሸክሞ መሄድን ማንም አይሞክረው። ፍሬ ነገሩ ግን ትክክል ነው። ነገሩን ወደ ሕክምና ያስገባው ቶማስ ዴሎርም የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ቺካጎ በነበረ የጦር ሆስፒታል ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን ያክም ነበር። በጊዜው የነበረው ልማድ ለቁስለኛ ቀላል እንቅስቃሴ ብቻ ማዘዝ ነበር። ዴሎርም ግን ከባድ ክብደት፣ ያውም ቀስ በቀስ እየጨመረ፣ አሠራቸው። ልጅ ሳለ ታሞ ከአልጋ ከተነሳ በኋላ ራሱን ያጠናከረው ክብደት በማንሳት ስለነበር ነው ይህን የደፈረው። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተመ። ዛሬ በየጂሙ «አሥር አሥር ጊዜ ሦስት ዙር» እየተባለ የሚሠራው ነገር ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል።

እንግዲህ አባቴን በዚህ ሚዛን እንየው። ጆንያው ያው ጆንያ ነው፤ ዘንድሮም ኩንታል፣ የዛሬ አሥር ዓመትም ኩንታል። እግሩና ወገቡ ከለመዱት ቆይተዋል፤ ደረትና ክንዱ ደግሞ ጆንያ ደግፎ ከመያዝ ያለፈ ሥራ የላቸውም። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቁጥር የለውም፤ የሚበላው ግን የተቆጠረ ነው። ጠዋት የቡና ቅጠልና ቂጣ፣ ምሳ አንዳንዴ ይዘለላል፣ ማታ ቆጮ ወይም ቦይና በዳጣ። ይህ ለጉልበት ይሆናል፣ ጡንቻ ለመሥራት ግን ፕሮቲኑ ከየት ይምጣ? በዚያ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ገበያ ይወርዳል። የአባቴ ቅጥነት የስንፍና እንዳልሆነ ድሮም አውቃለሁ፣ ምክንያቱን በወረቀት ላይ ጽፌ ሳየው ግን ሌላ ስሜት ሰጠኝ።

ወደ ሥራው ልግባ። ብዙዎቻችን ለጂም የምንከፍለው ገንዘብ የለንም። ደግነቱ ጡንቻ ክብደቱ ክሮም የተቀባ ይሁን ጀሪካን አያውቅም። የሲሚንቶው ባርቤል መጥፎ አይደለም፣ ግን ሁለት ችግር አለበት። 4 ሊትር የሚይዝ የቀለም ጣሳ በኮንክሪት ሲሞላ 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለቱ 18፣ ከነቧንቧው 22 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። 22 ኪሎ ለትከሻ የበዛበት ጀማሪ 18 ማድረግ አይችልም፤ 22 ያነሰው ደግሞ 23 ማድረግ አይችልም። የደረቀ ሲሚንቶ ደረቀ ነው። ሌላው ደግሞ ሁለቱ ጣሳዎች እኩል ካልተሞሉ አንዱ ጎን ይጎትታል፤ ለሳምንታት ቀኝ ትከሻዬን ያመመኝ በዚህ ነበር።

ለዚህ ነው እኔ ቢጫዋን ጀሪካን የምመርጠው። 20 ሊትር ጀሪካን ከነራሱ ሙሉው 21 ኪሎ ገደማ ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልግም፤ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እየለኩ መጨመር ነው። ጎኑ ላይ በማርከር መስመር አስምሩ። ግማሽ ብቻ የሞላ ጀሪካን ውስጡ ስለሚናጥ ከክብደቱ በላይ ያስቸግራል፤ መጀመሪያ ላይ ግር አይበላችሁ። ውሃው ሲያንሳችሁ አሸዋ አለ። ደረቅ አሸዋ በሊትር ከ1.5 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ያው ጀሪካን ከ30 ኪሎ ያልፋል። ያኔ በእጀታው ብቻ አትመኑ፣ ሊበጠስ ይችላል፤ ከሥር አቅፋችሁ ያዙ።

«በጀሪካንና በፑሽ አፕ እውነት ጡንቻ ይወጣል?» ለሚል ሁለት ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2012 በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ጥናት ወጣቶች ለ10 ሳምንት እግራቸውን አሠልጥነዋል። አንዱ እግር ማንሳት ከሚችለው ከፍተኛ ክብደት 80 በመቶውን፣ ሌላው እግር 30 በመቶውን ብቻ እያነሳ እስኪያቅተው ድረስ ደገመ። የጡንቻው ዕድገት ተቀራራቢ ሆነ። በጉልበት፣ ማለትም አንዴ ከባድ ነገር በማንሳት፣ ግን በከባዱ የሠራው በልጧል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የጃፓን ጥናት ነው። ለ8 ሳምንት ፑሽ አፕ የሠሩና ተመጣጣኝ ክብደት በቤንች የገፉ ሰዎች የደረት ጡንቻቸው በተመሳሳይ መጠን አደገ። ስለዚህ ቀላል ክብደትም ይሠራል፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ወደማይቻልበት ነጥብ መቅረብ አለባችሁ። ፈገግ እያሉ 10 ጊዜ ገፍቶ መነሳት የትም አያደርስም።

እኔና የዶርም ጓደኞቼ የምንሠራው እንዲህ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ በየዕለቱ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ጀሪካኑን ደረታችን ላይ አቅፈን ቁጢጥ ብለን እንነሳለን፤ ይህ ለጭንና ለመቀመጫ ነው። ፑሽ አፕ እንሠራለን፤ ሲቀለን የደብተር ቦርሳ በመጻሕፍት ሞልተን ጀርባችን ላይ እናዝላለን (የሚዲያ ሕግ ጥራዝ በመጨረሻ ጥቅም ላይ ዋለ!)። ወገባችንን ቀጥ አድርገን ጎንበስ ብለን ጀሪካኑን ወደ እምብርታችን እንስባለን። ከዚያ የግብ አግዳሚው ላይ ተንጠልጥሎ ራስን መሳብ፣ ፑል አፕ የሚባለው። አንድም ጊዜ መሳብ ያቃተው ሰው አይፈር፤ ዘሎ ላይ ይውጣና አምስት እየቆጠረ ቀስ ብሎ ይውረድ፣ በወር ውስጥ ይስባል። በመጨረሻ ጀሪካኑን ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት ነው። አምስት እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱ ሦስት ዙር። የመጀመሪያውን ሳምንት ግን ሁለት ዙር ብቻ አድርጉት፤ ለምን እንደሆነ ወደኋላ እመጣበታለሁ።

በየዙሩ ከ8 እስከ 20 ጊዜ ይበቃል። ማቆም ያለባችሁ «ሁለት ልጨምር እችል ነበር፣ ሦስተኛው ግን አይሆንም» የሚያሰኝ ቦታ ላይ ስትደርሱ ነው። በየዙሩ መሀል ሁለት ደቂቃ ያህል ዕረፉ። ብዙ ሰው 30 ሰከንድ አርፎ ሲያለከልክ ጠንክሮ የሠራ ይመስለዋል፤ እንደዚያ ሲሆን ጡንቻው ሳይደክም ሳንባው ቀድሞ ይደክማል። ላብ የሙቀት ማስወገጃ እንጂ የጡንቻ መለኪያ አይደለም። ሦስቱንም ዙር 15 ጊዜ መሥራት ስትችሉ አንድ ሊትር ጨምሩ። ወደ 10 ወይም 11 ትወርዳላችሁ፤ እንደገና 15 እስክትደርሱ ትታገላላችሁ፤ ደግሞ አንድ ሊትር። የሚሎ ጥጃ በሊትር ማደጓ ነው እንግዲህ!

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ስትጽፉት ነው። ደብተር ያዙ። ቀን፣ እንቅስቃሴ፣ ስንት ሊትር፣ ስንት ጊዜ፤ በቃ። «ባለፈው 12 ይሆን 14?» እያለ የሚገምት ሰው ከዓመት በኋላም እዚያው ነው። የእኔ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ፑሽ አፕ 9፣ ቁጢጥ በ12 ሊትር ይላል፤ የሰውነት ክብደት 54 ኪሎ። ከአራት ወር በኋላ ፑሽ አፕ 22፣ ቁጢጥ በሙሉ ጀሪካን፣ ክብደቴ 57 ኪሎ ተኩል። ክንዴን በልብስ ሰፊ ሜትር ስለካ ከ26 ሴንቲ ሜትር ወደ 27 ተኩል ሄዷል። ይህን ሳነብላቸው ጓደኞቼ «ለአራት ወር አንድ ተኩል ሴንቲ?» ብለው አሾፉ። አዎ፣ አንድ ተኩል ሴንቲ። ፖስተር ላይ የምናየው ክንድ የዓመታት ሥራ ነው፤ አንዳንዱም የመርፌ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ሳምንታት ላይ ጉልበት ሲጨምር መስተዋት ላይ ለውጥ ላይታይ ይችላል። በዚያ ጊዜ በዋናነት የሚማረው ነርቫችን ነው፤ ያለንን ጡንቻ አስተባብሮ ማዘዝ ይለምዳል። ለዓይን የሚታይ ለውጥ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ይመጣል። ብዙ ልጅ የሚያቋርጠው ልክ ከዚያ በፊት ነው።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ክፍል ልምጣ። አምና ጂም ውስጥ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጓደኞቼ ከመሬት ያነሱትን ባር እኔም ላንሳ ብዬ በእልህ ገባሁበት። 60 ኪሎ ነበር፤ ከእኔ ክብደት ይበልጣል። ጀርባዬን እንደ ቀስት አጉብጬ፣ ባሩን ከእግሬ አርቄ ሳብኩት። ተነሳ። ወገቤም አብሮ «ቀጭ» አለ። ለ12 ቀን ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው የተማርኩት፤ መምህሩ ጥያቄ ያለኝ መስሎት ስንቴ ዕድል ሰጠኝ! ስህተቱን በመጽሐፍ ሳይሆን በቤቴ አገኘሁት። አባቴ ከጉዳቴ በኋላ ጆንያ እንዴት እንደሚነሳ በባዶ እጁ አሳየኝ። «ሸክም ከገላህ ከራቀ ይበላሃል» አለኝ። እግሩን ከፈት አድርጎ፣ ዳሌውን ወደኋላ ገፍቶ፣ ጀርባውን ዘርግቶ፣ ዕቃውን ወደ ራሱ አስጠግቶ በእግሩ ኃይል ተነሳ። ፊዚክሱም ይኸው ነው። ያው ክብደት ከወገብ በራቀ መጠን ወገብ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ይጨምራል። ከመነሳታችሁ በፊት አየር ስባችሁ ሆዳችሁን አጥብቁ፣ ስትነሱ አስወጡ። መጀመሪያ በባዶ ጀሪካን እንቅስቃሴውን ተለማመዱ፤ የሚያይ ሰው ይኑር። ለጉዳት ከዳረጉኝ ነገሮች አንዱ እልህ፣ ሌላው «ጀርባህ ጎብጧል» የሚለኝ ሰው አለመኖሩ ነው።

ምግብን በተመለከተ ትንሽ ልዘርጋው፤ ገንዘባችን የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። እኔ ራሴ ለአንድ ጣሳ የፕሮቲን ዱቄት ሦስት ወር ሳጠራቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ 49 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ የሚለው ይህ ነው፤ ክብደት ለሚያነሳ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ መጨመር ለጡንቻ ያን ያህል አይፈይድም። ከዚህም በላይ የጡንቻው ዕድገት አብዛኛው የመጣው ከሥልጠናው ነው፤ ተጨማሪ ፕሮቲን ያመጣው ድርሻ ትንሽ ነበር። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.6 ማለት 96 ግራም ነው።

አካባቢያችን በሥራ ሥር የታደለ ነው። ቆጮ፣ ቦይና፣ ስኳር ድንች ሞልቷል። ጉልበት ይሰጣሉ፣ ሆድ ይሞላሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን በ100 ግራም አንድ ወይም ሁለት ግራም ቢሆን ነው። በቆጮ ብቻ 96 ግራም ለመሙላት የሚበላው ኪሎ ብዛት የሰው አይደለም። በተቃራኒው ቦሎቄ ደረቁ በ100 ግራም 21 ግራም ገደማ አለው፤ ሽምብራ ወደ 20፣ ምስር 24፣ ባቄላና ለውዝ ወደ 25። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ ግማሽ ሊትር ወተት 16 ግራም ገደማ። አንድ ቀን እናስላ። ደረቅ ቦሎቄ 150 ግራም ተቀቅሎ 32፣ የሽምብራ ቆሎ 100 ግራም 20፣ ሁለት እንቁላል 12፣ ግማሽ ሊትር ወተት 16፤ ድምሩ 80 ነው። የቀረውን እንጀራው፣ ዳቦውና ሽሮው ይሞሉታል። ወተትና እንቁላል ያልቻለ ወይም የሚጾም ሰው ቦሎቄውንና ቆሎውን ያብዛ። እናቶቻችን በቆሎና ቦሎቄ አንድ ላይ ቀቅለው የሚሰጡን ንፍሮ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በቆሎ የሚጎድለውን ላይሲን የሚባል የፕሮቲን ክፍል ቦሎቄው ያሟላል፤ ቦሎቄ የሚያንሰውን ደግሞ በቆሎው። የካፌ ተመጋቢ ከሆናችሁ ከወጡ ጭልፋ ምስር ለምኑ እንጂ እንጀራ ብቻ አታስጨምሩ። ነን ካፌ የሆናችሁ ደግሞ ንፍሮ በራሳችሁ ድስት ይቻላል።

ስለ ጥሬ ነገር አንድ ቃል። ጥሬ እንቁላል የምትጠጡ ልጆች ግማሹን እየደፋችሁት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት ሰውነት ከተቀቀለ እንቁላል ፕሮቲን 91 በመቶ ያህሉን ሲጠቀም ከጥሬው ግን የተጠቀመው 51 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ጥሬ ሥጋን በተመለከተ ወላይታ ሶዶ ላይ ቆሜ ክፉ ብናገር የሚምረኝ የለም፤ ለግፋታ እኔም እቆርጣለሁ። ግን ጥሬው ከተጠበሰው የበለጠ ጡንቻ ያወጣል የሚለው እውነት አይደለም፤ ፕሮቲኑ ያው ነው። የኮሶ ትል ደግሞ የሚመጣው ከጥሬው ነው።

ስለ እንቅልፍ ለተማሪ መናገር ከንቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ችከላ ላይ አድሮ በማግሥቱ ከባድ የሚያነሳ ሰው ገንዘብ ባንክ ሳያስገባ ወለድ የሚጠብቅ ነው። በፈተና ሳምንት ሥልጠናውን በግማሽ ቀንሱት፤ የተገነባ ጡንቻ በአንድ ሳምንት አይጠፋም። እሑድ እሑድ ዳሞታን የምትወጡም ውጡ፣ ለልብና ለሳንባ ግሩም ነው፣ ደረት ግን አያሰፋም። ሆድ ለማጥፋት በቀን 200 ሲት አፕ የምትሠሩ ልጆች ደግሞ ከቆዳው ሥር ያለውን ጡንቻ ታጠነክራላችሁ እንጂ ስቡ ከዚያ ቦታ ተለይቶ አይሄድም።

ሴት እህቶቻችን «ወንድ እንመስላለን» ብለው ይፈራሉ። ከክፍላችን አንዲት ልጅ ይህን ስትለኝ፣ «ሠፈርሽ ውሃ ስታመላልሺ ያደግሽበት ጀሪካን ወንድ አደረገሽ እንዴ?» አልኳት። የወንድ ጡንቻ የሚገዝፍበት ቴስቶስትሮን በሴቶች ሰውነት ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። ክብደት ማንሳት ግን አጥንትን ያጠነክራል፤ ይህ በእርጅና ዘመን ለሴቶች ትልቅ ነገር ነው። አሁን ከእኛ ጋር ትሠራለች፣ ቁጢጥ ላይ ሁለታችንን ትበልጣለች። ቁመትን ያሳጥራል የሚባለውም በትክክል ለሚሠራ ወጣት መሠረት የሌለው ወሬ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመርፌው ጉዳይ ነው። አንድ የዶርም ጓደኛዬን «በሁለት ወር ታብጣለህ» ብሎ መርፌ ሊሸጥለት የመጣ ሰው ነበር። ስቴሮይድ ጡንቻ አያወጣም ብዬ አልዋሽም፣ ያወጣል። ዋጋውን ግን ሻጩ አይናገርም። ከውጭ ሆርሞኑ ሲገባ ሰውነት የራሱን ማምረት ያቆማል፤ የዘር ፍሬ ይሟሽሻል፣ መውለድ ሊያስቸግር ይችላል፣ ወንዱ ጡት ሊያወጣ ይችላል፣ ልብና የደም ሥር ይጎዳል፣ በኪኒን የሚወሰደው ደግሞ ጉበትን ያጠቃል። መርፌ መጋራት ከኤች አይ ቪና ከጉበት ቫይረስ ጋር ያገናኛል። ለመወፈር ተብሎ የሚዋጥ ዴክሳሜታዞንም አለ። እሱ እንዲያውም ፊትን ያሳብጣል፣ ጡንቻን ግን ያከሳል፤ የደም ስኳርና የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ጓደኛዬ ሰውየውን መለሰው። የመለሰው በእኔ ንግግር ሳይሆን ገንዘብ ስላልነበረው ነው፤ ገንዘቡ ቢኖረው ምን ይሆን ነበር ብዬ እስካሁን አስባለሁ።

ቀደም ብዬ የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ዙር ይብቃ ያልኩት ለዚህ ነው። አዲስ ሰው ሲሠራ በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ጡንቻው ያመዋል። ይህ የተለመደ ነው፣ በአራት በአምስት ቀን ይጠፋል፤ ከመጠን በላይ ለጀመረ ግን አደጋ አለው። ጡንቻው ክፉኛ አብጦ፣ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ የተጎዳ ጡንቻ ፍርስራሽ ኩላሊት ላይ እየወረደ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መሄድ ነው። የወገብ ሕመም ወደ እግር እየወረደ ካደነዘዘ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ ለወጌሻ አይሰጥም፤ ወዲያውኑ ሐኪም ያስፈልጋል። የመገጣጠሚያ ውጋትን ከጡንቻ ድካም ለዩ። ጡንቻ ያቃጥላል፤ መገጣጠሚያ ግን ይወጋል። ሲወጋ ማቆም ነው።

ለፕሮቲን ዱቄት ያጠራቀምኩት ብር ምን ሆነ ለምትሉ፣ ለግፋታ ወደ ቤት ስሄድ ቦሎቄና ለውዝ ገዝቼበት ሄድኩ። አባቴ ጆንያውን ሲያይ፣ «ምንድነው ይኼ?» አለ። «መድኃኒት ነው አባዬ» አልኩት። የሲሚንቶ ባርቤሌንም ወስጄ ነበር። በአንድ እጁ ከመሬት አነሳውና፣ «ይሄን ነው ስትታገል የከረምከው?» ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ላይ እንዲገፋው ስጠይቀው ግን ሰባተኛው ላይ ክንዱ ተንቀጠቀጠ። ገረመው። እኔም ገረመኝ። ደብተሬ ላይ ቀኑንና 7 ቁጥርን ጻፍኩ። አሁን ጠዋት ከቡና ቅጠሉ ጋር ንፍሮ ይበላል፤ እናቴ በስልክ እንደነገረችኝ ከሆነ እሑድ እሑድ ባርቤሉን ከጓዳ አውጥቶ «ለልጄ ብዬ ነው» እያለ ይገፋዋል። ባለፈው 11 ደርሷል።

ከዶርም ጀርባ መሥራት የምትፈልጉ ሰኞ 11 ሰዓት ላይ ኑ። ጀሪካን ከነክዳኑ ይዛችሁ ኑ፤ ያለን ሁለት ብቻ ነው፣ አንዱም ያፈሳል።